ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ በኮምፒውተሮቻችሁ ላይ የድምፅ ሰርቨር ስለ መትከል

ከደሴ

ለ፦ ቀላል ሊነክስ የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች ከድርጅታችን ለወሰዳችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ የድምፅ ችግር የመጣበትን ምክንያትና ማስተካከያውን ስለ ማሳወቅ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ወራት ከእኛ የወሰዳችኋቸው ያገለገሉ ላፕቶፖችና የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች በድምፅ በኩል እንደሚያስቸግሯችሁ አንዳንዶቻችሁ በስልክ፣ አንዳንዶቻችሁም ማሽኑን ተሸክማችሁ እዚህ ፒያሳ ወዳለው ሱቃችን በመምጣት ነግራችሁናል። አንዱ ቪዲዮው እየሄደ ድምፁ እንደማይሰማ፣ ሌላው ብሉቱዝ ስፒከሩ ተገናኘ እያለ ዝም እንደሚል፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ ፕሮግራም ድምፅ እያወጣ ሳለ ሌላው አፉ እንደሚዘጋ ይገልጻል። ስፒከሬ ተቃጥሏል ብላችሁ አዲስ የገዛችሁም እንዳላችሁ ሰምተናል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ችግሩ ከስፒከራችሁም ሆነ ከሳውንድ ካርዳችሁ ሳይሆን እኛ ሲስተሙን ካዘጋጀንበት መንገድ የመጣ መሆኑን ለማስረዳት፣ ማስተካከያው ምን እንደሆነና ከእናንተ ምን እንደሚጠበቅም ለማሳወቅ ነው።

አብዛኞቹ ማሽኖች 2 ጊጋባይት ራም ብቻ ያላቸው በመሆናቸው፣ ዋናው ሐሳባችን ሲስተሙ በተቻለ መጠን እንዲቀል ነበር። ስለዚህ ደቢያን 12 የተባለውን የሊነክስ ዓይነት ያለ ሙሉ ዴስክቶፕ ጫንን፤ በላዩም ኦፕንቦክስ የተባለውን ትንሽ የመስኮት ማስተዳደሪያና ለሥራችሁ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ጨመርን። እንዲህ ያለው ባዶ አጫጫን የድምፅ ሰርቨር፣ ማለትም የፕሮግራሞችን ድምፅ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አገልግሎት፣ ይዞ አይመጣም፤ እኛም ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ቁጠባ ቆጠርነው። የሊነክስ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ያለው አልሳ ብቻውን ይበቃል ብለን ፈረድን። ፍርዳችን ትክክል አልነበረም፤ በዚህ ምክንያት ለጠፋው ጊዜያችሁና ላወጣችሁት ወጪ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አልሳ ማለት ሊነክስ ከሳውንድ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ በ2003 መጨረሻ ከወጣው የከርነል 2.6 እትም ጀምሮ ቀድሞ የነበረውን ኦኤስኤስ የተባለ ክፍል ተክቶ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ያለ እሱ ምንም ድምፅ የለም። ነገር ግን አልሳ ከቦኖ ቧንቧ ጋር ይመሳሰላል፦ ውሃው አለ፣ ቧንቧውም ይሠራል፤ አንድ ሰው ጄሪካኑን ደቅኖ ቧንቧውን ብቻውን ከያዘ ግን ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። እርግጥ ነው፣ አልሳ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ አዋሕዶ የሚያወጣ ዲሚክስ የተባለ ተጨማሪ መሣሪያ አለው፤ በተለመደው የስፒከር መውጫም ላይ ራሱ ይሠራል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ካርዱን በቀጥታ ከያዘው፣ ወይም ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄድ ከሆነ፣ ዲሚክስ አይደርስላችሁም። ብሉቱዝንማ አልሳ ብቻውን አያውቀውም። ከዚህም በላይ ሞዚላ ራሱ የሚያዘጋጀው የሊነክስ ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 52ኛ እትም ጀምሮ ድምፅ ለማውጣት የድምፅ ሰርቨር ይፈልጋል። እኛ ደግሞ አዲሱን ፋየርፎክስ እንድታገኙ ብለን የጫንንላችሁ ያንኑ ቅጂ ነው። ቪዲዮው እየሄደ ድምፁ የጠፋባችሁ ብዙዎቻችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

የድምፅ ሰርቨር በፕሮግራሞቹና በአልሳ መካከል የሚቆም አገልግሎት ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ድምፁን ለእሱ ያስረክባል፤ እሱ ሁሉንም አዋሕዶ በአንድ መስመር ለካርዱ ይሰጣል። ሁሉም በእሱ በኩል ስለሚያልፍ የአንዱን ፕሮግራም ድምፅ ለብቻው ዝቅ ማድረግ፣ እየተጫወተ ያለውንም ሳያቋርጡ ከስፒከር ወደ ጆሮ ማዳመጫ ማዛወር ይቻላል።

ለረጅም ዓመታት ይህን ሥራ በሊነክስ ላይ ሲሠራ የኖረው ፐልስኦዲዮ ሲሆን፣ ፌዶራና ኡቡንቱ የተባሉት የሊነክስ ዓይነቶች፣ ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. በ2008 መደበኛ አድርገው ተቀብለውት ነበር። እኛ የመረጥነው ግን ከእሱ በኋላ የመጣውን ፓይፕዋየርን ነው። ፓይፕዋየርን የጀመረው ሬድ ሃት በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የሚሠራው ዊም ታይማንስ ሲሆን፣ መነሻው ቪዲዮን ለማስተላለፍ ነበር፤ ድምፅ የተጨመረው በኋላ ነው። ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ለድምፅ መደበኛ አደረጉት፤ 1.0 የተባለው እትሙም እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። የመረጥነው አዲስ ስለሆነ አይደለም። ለፐልስኦዲዮ የተጻፉትን ፕሮግራሞች ምንም ሳይለወጡ በራሳቸው ቋንቋ ያስተናግዳል፤ ለድምፅ ቀረጻ ሥራ ይገለገሉበት የነበረውን ጃክ የተባለ ሰርቨር የሚፈልጉትንም እንዲሁ። በኦፊስ ሥራና በቀረጻ ሥራ መካከል ሁለት ሰርቨር እያቀያየሩ መኖር ቀርቷል ማለት ነው። ከራም የሚወስደው በጥቂት አሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ሲሆን፣ ይህ አንድ ከባድ ድረ ገጽ በፋየርፎክስ ሲከፈት ከሚወስደው ያንሳል። እንግዲህ መጀመሪያ ያሰብነው ቁጠባ ያን ያህል የሚያስከፍል አልነበረም።

ከፓይፕዋየር ጎን ዋየርፕላምበር የሚባል ሌላ ፕሮግራም አብሮ ይሠራል። ፓይፕዋየር መስመሩን ይዘረጋል፤ የትኛው ድምፅ ወደ የትኛው መሣሪያ ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ግን ዋየርፕላምበር ነው፤ ያደረጋችሁትንም ምርጫ ማሽኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ ያስታውሳል። ሁለቱ ካልተገናኙ ሰርቨሩ ቢነሳም ድምፅ አይወጣም። በተጨማሪ አርቲኪት የተባለ ትንሽ አገልግሎት እንጭናለን፤ ፕሮሰሰሩ በሌላ ሥራ ሲጨናነቅ ለድምፁ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያደርጋል፤ እሱ በሌለባቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ትልቅ ፋይል ሲከፈት ድምፁ እየተቆራረጠ ይንጫጫል።

በመጀመሪያው ሙከራችን የሠራነውን አንድ ስህተት መናገር ይገባናል፤ ራሳቸው ለመሞከር የሚፈልጉ ደንበኞች ስላሉን ይጠቅማቸዋል። ሰርቨሩን ማሽኑ ሲነሳ እንደሚነሱት ሌሎች አገልግሎቶች በዋናው አስተዳዳሪ ስም አስነሳነው። ተነሳ፣ ስህተትም አላሳየም፤ ተጠቃሚው ሲገባ ግን ድምፅ አልነበረም። የድምፅ ሰርቨር የሚሠራው በገባው ተጠቃሚ ስምና በዚያው ሰው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ለገባ ተጠቃሚ በሚከፍተው ጊዜያዊ ማኅደር በኩልም ከፕሮግራሞቹ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ማንኛውንም ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ስም ከከፈታችሁት ድምፅ ላይኖረው ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። እንዲሁም ፐልስኦዲዮንና ፓይፕዋየርን በአንድ ጊዜ አታስነሱ፤ በአንድ ካርድ ላይ ይጣላሉ።

ሁለተኛው ነገር ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። አንድ የቋንቋ ማስተማሪያ ደንበኛችን በተስተካከለው ማሽን ላይ የማዳመጥ ልምምድ ሲያሰማ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ የመጀመሪያው ቃል እንደሚዋጥ ነገረን። ድምፁ በደንብ ይሰማል፤ መጀመሪያው ብቻ ጠፍቷል። ምክንያቱ ዋየርፕላምበር የሚጫወት ነገር ከሌለ ከ5 ሴኮንድ በኋላ ካርዱን የሚያሳርፈው መሆኑ ነው። በጥያቄና በጥያቄ መካከል ተማሪዎቹ መልስ ሲጽፉ ካርዱ ያርፋል፤ አንዳንድ ካርዶችና ማጉያዎች ደግሞ እስኪነቁ ድረስ የድምፁ መጀመሪያ ያመልጣል። ለትምህርት ቤቶችና ለቋንቋ ማስተማሪያዎች ካርዱ ከቶ እንዳያርፍ አድርገን እናስተካክላለን። በባትሪ ለሚሠራ ላፕቶፕ ግን ማሳረፉ ኃይል ስለሚቆጥብ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ላይ ለምትሠሩት እንዳለ እንተወዋለን።

እዚሁ ደሴ መንዙማና ነሺዳ የምትቀርጹ፣ መዝሙርም የምትሠሩ ደንበኞቻችን የምታነሱት ጥያቄ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብለን ብንጽፍ አትታዘቡን፣ ከሁሉም የሚልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው የእናንተ ሥራ ነውና። ፓይፕዋየር ድምፅን በሴኮንድ 48,000 ናሙና፣ ማለትም የድምፁን ቅጽበታዊ ልክ፣ ይቆጥራል፤ ወደ ካርዱም የሚልከው በተለመደው አሠራር 1,024 ናሙና በ1,024 ናሙና እየቆረጠ ነው። 1,024 ለ48,000 ሲካፈል 21 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሆናል። ድምፅ በአየር ላይ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ መዘግየት ድቤው ከሚመታበት ቦታ 7 ሜትር ያህል ርቆ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ለሚያዳምጥ ሰው ምንም አይደለም። የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ለሚያዜም ሰው ግን፣ በመግቢያም በመውጫም ስለሚቆጠር ከዚህ ይበልጣል፤ ከድቤው ጋር መሄድም ያቅተዋል። ቁራጩን ወደ 256 ናሙና ብናወርደው መዘግየቱ ወደ 5 ሚሊሴኮንድ፣ ማለትም ወደ 2 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ መድረስ አለበት፤ አሮጌ ማሽን ካልደረሰ ቀረጻው ውስጥ የማይጠፋ ጠቅታ ይገባል። የተበላሸ ቀረጻ ደግሞ ከዘገየ የከፋ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የቀረጻ ማሽን ላይ እናንተው ባላችሁበት እየሞከርን፣ ጠቅታ ሳያመጣ የሚችለውን ትንሹን መጠን እንተውለታለን። ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚሰካ የድምፅ መቅረጫ ካርድ ያላችሁ፣ ካርዱ ላይ የማይኩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ የሚመልስ ቁልፍ ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ ድምፁ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሳያልፍ ስለሚመለስ መዘግየቱ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ማስተካከያው ከተደረገ በኋላ ሁሉንም ነገር የምታገኙት ፓቩኮንትሮል በሚባለው የድምፅ መቆጣጠሪያ መስኮት ውስጥ ነው። ድምፅ ከጠፋባችሁ መጀመሪያ የመውጫ መሣሪያዎች የሚዘረዘሩበትን ገጽ ክፈቱና ምልክቱ ያለው በምትፈልጉት መሣሪያ ላይ መሆኑን እዩ። ፕሮጀክተር ወይም ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ የምትሰኩ ትምህርት ቤቶች፣ ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዶ ስፒከሩ ዝም ሊል እንደሚችል አስታውሱ። ድምፁን ከ100 በመቶ በላይ መጨመር ይቻላል፤ ሆኖም ድምፁን ይሰነጥቀዋል፣ ባታደርጉት እንመርጣለን። ላፕቶፑ ላይ ጆሮ ማዳመጫ ሳይሰካ ስፒከሩ ዝም ካለ ደግሞ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ አቧራ ገብቶ ማሽኑ የተሰካ ነገር ያለ መስሎት ሊሆን ይችላል፤ የጆሮ ማዳመጫውን ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰካ ነቀል ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ብሉቱዝ አሁን ይሠራል። የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ማይክ ያለው ከሆነና በጥሪ ላይ ማይኩን ከከፈታችሁት፣ የምትሰሙት ድምፅ ወዲያው እንደ ስልክ ድምፅ ይጠባል፤ ብሉቱዝ ጥራት ባለው መንገድ ድምፅ ሲያጫውት ማይኩን አብሮ ስለማይወስድ ነው። በኢንተርኔት ለሚደረግ ስብሰባ ባለ ገመዱን ማይክ እንመክራለን።

አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው። ደሴ ያላችሁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ዓርብ ዕለት ግን ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ማሽኑን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ወደ ኮምቦልቻ ባለሙያችን ማክሰኞና ሐሙስ ስለሚወርድ ከአንድ በላይ ማሽን ያላችሁ ባላችሁበት ይሠራላችኋል። የሚጫኑትን ፕሮግራሞች ሁሉ በፍላሽ ስለምናመጣ የእናንተ የኢንተርኔት ጥቅል አይነካም፤ ፋይሎቻችሁም ካሉበት አይንቀሳቀሱም። ስትመጡ የምትጠቀሙበትን ስፒከር፣ ጆሮ ማዳመጫ ወይም ማይክ አብራችሁ አምጡ፤ በእኛ ስፒከር የሠራ በእናንተው እስኪሠራ ድረስ ሥራው አለቀ አንልም።

በእኛ ስህተት ምክንያት አዲስ ስፒከር ወይም የድምፅ ካርድ የገዛችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ። ያወጣችሁትን ያህል ከሚቀጥለው ጥገና ወይም ግዢ ላይ እንቀንስላችኋለን።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ የቴክኒክ ክፍል
ደሴ