«ቀላ አድርጊልኝ» ለምትሉኝ ወላጆች

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ከእናቷ ጋር አራት ኪሎ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ መጣች። እናቷ ስልኳን አውጥታ፣ ልጅቷ በተወለደች በአሥረኛ ቀኗ እኔው ዘንድ የተነሳችውን ፎቶ በደስታ አሳየችኝ። ልጅቷም አንገቷን አስግጋ አየችና «ያኔ ቀይ ነበርኩ፤ ምን ሆኜ ነው የጠቆርኩት?» አለች። እናቷ ሳቀች። እኔ መልስ አጣሁ። ያቀላኋት እኔ ነኝና።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት በ1975 ዓ.ም. ፒያሳ በሚገኝ ፎቶ ቤት ነው፤ የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፒያሳ የፎቶ ሙያን ከነቤድሮስ ቦያጂያንና ከልጆቻቸው፣ ቤተ መንግሥት ገብተው ነገሥታቱን ካነሱት አርመኖች የወረሰ ሰፈር ነበር። የእኔ ድርሻ ሪታች፣ ማለትም የተነሳውን ፎቶ በእጅ ማስተካከል ነው። ኔጋቲቩ ከሥሩ ብርሃን በሚያወጣ መስታወት ላይ ይዘረጋል፤ እርሳሱ እንደ መርፌ ይሾላል፤ ከዚያ ነጥብ በነጥብ መሙላት ነው። ኔጋቲቭ ላይ የጠቆረው ወረቀት ላይ ስለሚነጣ እያንዳንዷ የእርሳስ ነጥብ ፊትን ታፈካለች። ያስተማሩኝ ሰው ከትከሻዬ በላይ ቆመው ያዩኝና እጄ ሲበዛ እርሳሱን ይቀሙኝ ነበር። ባለፎቶው መጥቶ ራሱን ካላወቀ ገንዘቡን የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ እርሳሱን የሚቀማ የለም። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ስዛወር የሪታች መስታወቴን ይዤ መጥቻለሁ፤ የሚሠራው ግን ኮምፒውተሩ ነው፤ አንዲት መስመር በጣት ገፋ ሲያደርጉ ጠይሙ ሕፃን ቀይ ይሆናል።

ወላጆች ሲጠይቁኝ በቁጣ አይደለም፤ በፍቅር ነው። «እትዬ፣ ትንሽ ቀላ አድርጊልኝ፤ ፎቶው አጠቆረው» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ፎቶው ያጠቁራል። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይቆጥራል። እኛ ደግሞ ሕፃኑን በነጭ ጋቢ ጠቅልለን እናቀርብለታለን። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጋቢው ግራጫ፣ የልጁ ፊት ደግሞ ጥላ ይሆናል። ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ፊቱን ሊያበራ ሲሞክር አመድ ይመስልበታል፤ አመዱን ለመሸፈን ቀለም ይጨምራል፤ በመጨረሻ ከጋቢው ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ይወጣል። መድኃኒቱ ግን ካሜራው ላይ ነው። ብርሃኑን ከጋቢው ሳይሆን ከልጁ ጉንጭ መለካት፣ ወይም የካሜራውን ብርሃን አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ማድረግ፤ ሕፃኑንም የመስኮቱ ብርሃን ከግንባሩ ወደ አገጩ እንዲወርድ አድርጎ ማስተኛት። ይህን ያደረገ ሰው የሚያቀላው ነገር አይኖረውም።

ችግሩ በእኛ አልተጀመረም። የኮዳክን ፊልም የሚያትሙ ቤቶች ለብዙ ዓመታት የቀለማቸውን ልክ የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ልክ ነው ይባላል። የእኛ ሠርግና ክርስትና በእሷ ልክ ሲታተም ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ስልኮቻችን ሳንጠይቃቸው ፊታችንን እያለሰለሱና እያፈኩ ያሳዩናል። ዓይናችን ያን ለምዶ እውነተኛው መልክ ጉድለት መስሎ ይታየዋል።

ከዚህ የከፋውን ያየሁት ባለፈው ኅዳር ነው። ካዛንቺስ አንድ አራስ ቤት ሄደን ፎቶ አነሳን፤ ሕፃኗ ስድስት ቀኗ ነበር። በማግስቱ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ቢጫውን ትቀንሳለች። የክፍሉ አምፖል ያመጣው ቢጫ መስሏታል። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሳይ ቢጫው በቀነሰ ቁጥር የእናትየዋ ነጠላ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ነጠላው መጀመሪያውኑ ነጭ ነበር ማለት ነው። አምፖሉ ቢሆን ኖሮ ነጠላውንም ቢጫ ባደረገው። አንደኛው ፎቶ ላይ ሕፃኗ ግራ ዓይኗን ገርበብ አድርጋለች። «ቆይ፣ እሱን አጉይው» አልኳት። የዓይኗ ነጭ እርድ የተበጠበጠበት ውሃ ይመስል ነበር።

ለአባትየው ወዲያው ደወልኩ። «ልጄ፣ ፎቶው ይቆይ፤ ልጅቷን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዳት» አልኩት። ወሰዷት፤ አስተኟት። ጨቅላ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ መሆናቸው የተለመደ ነው። ጉበታቸው ቢሊሩቢን የሚባለውን ነገር ከደም ለማስወገድ ገና አልጠነከረም። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን አንጎልን ይጎዳል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቶሎ አይታይም፤ የሚያጋልጠው የዓይን ነጭና ድድ ነው። ሕፃኗ ሁለት ቀን በሰማያዊ ብርሃን ሥር ተኝታ በደህና ወጣች፤ ተመስገን። እኛም በኮምፒውተር ቢጫን የምናጠፋው ሰማያዊ በመጨመር ነው። የሐኪሞቹ ሰማያዊ ቢጫውን ከደሟ አወጣው፤ የእኛ ከፎቶዋ ላይ ብቻ ሊያወጣው ነበር። ወላጆቿም ያማረ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ይቀመጡ ነበር።

ሁሉም ነገር አይነካ አላልኩም። አፍ ጥግ የደረቀ ወተት፣ ልጁ በገዛ ጥፍሩ የቧጨረው ጉንጭ፣ የሚቀረፍ ግንባር ይጥፋ፤ በሳምንት ውስጥ ራሱ የሚጠፋ ነው። አፍንጫ ላይ እንደ ሰሊጥ የሚታዩትን ነጫጭ ነጥቦች እኔ እተዋቸዋለሁ፤ በኋላ ስለማይገኙ ያምሩኛል። ማርያም የሳመችውን ግን ማንም ቢለምነኝ አላጠፋም። አንዲት ወጣት እናት ከልጇ ማጅራት ላይ ያለውን ቀይ ምልክት እንድሰርዝ ስትጠይቀኝ አጠገቧ የተቀመጡት አያት ገንፎውን አስቀምጠው «ማርያም የሳመችውን? የምን ድፍረት ነው!» ሲሉ እጄን ከመዳፊቱ ላይ አነሳሁ። እንዲህ ያለ ምልክት እያደር ሊደበዝዝ ይችላል። ያን ጊዜ ከፎቶው በቀር የት ይገኛል?

አንድ ነገር ልጨምር። አገጩን በሁለት መዳፉ ደግፎ የተኛውን ሕፃን ፎቶ ስልክ ላይ እያሳያችሁ «እንዲህ አንሺልን» የምትሉኝ አላችሁ። ያ ፎቶ አንድ ፎቶ አይደለም፤ ሁለት ነው። በአንደኛው ሰው የልጁን ጭንቅላት ይይዛል፤ በሁለተኛው እጆቹን ይይዛል፤ ከዚያ ሁለቱ ተጋጥመው የያዘው ሰው እጅ ይጠፋል። አራስ ልጅ አንገቱን አያጸናም። ያለ ደጋፊ እንዲህ ላስቀምጥላችሁ የሚል ፎቶ አንሺ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን አቅፋችሁ ውጡ። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን አመሰግነዋለሁ፤ የእናትን እጅ መደበቅ የልጁን መልክ አይለውጥም።

የሙያ ጓደኞቼ ገበያ እንዳይቀርባችሁ ብላችሁ እንደምታደርጉት አውቃለሁ፤ እኔም ያደረግኩት ለዚያው ነው። አሁን ወላጅ ሲጠይቀኝ ልጁን ከመስኮቱ አጠገብ አቅፎ እንዲቆም አደርግና የታተመውን ፎቶ ከጉንጩ ጎን እይዘዋለሁ። ፎቶው ከልጁ የጠቆረ ከሆነ አስተካክላለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከልጁ ጋር አንድ ከሆነ አልነካውም። እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ የለም። ወላጆችም ከተስተካከለው ፎቶ ጋር ያልተነካውን ፋይል ጠይቁ፤ ክርስትናው በ40ም ይሁን በ80 ቀን ከመድረሱ በፊት የልጁ መልክ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል፤ ኋላ ላይ የምታስታውሱት ባልተነካው ፋይል ነው።

ያቺን የሰባት ዓመት ልጅ በተመለከተ፣ ከፒያሳ ያመጣኋቸውን አሮጌ ዲስኮች ሦስት ቀን ስበረብር ቆየሁ። የመጀመሪያውን ፋይል አገኘሁት። ጠይም ናት፤ የጆሮዋ ጫፍ ከፊቷ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ የእናቷ ጣት በጋቢው ጠርዝ ላይ የሚታይ። ምንም ሳልነካ አትሜ ፍሬም ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ለእናቷ ደውዬ ያደረግኩትን ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ ልጅቷን ይዛ ትመጣለች፤ ጥያቄዋን የምመልስላት ያን ጊዜ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ ቤት ባለሙያ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ