ኮምፒውተሩ ገባ፣ ፕሮግራሙ ቀረ

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣ ስይዝ ከሌላው ገጽ አስቀድሜ የማየው የጨረታውን ገጽ ነው። ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ስለምኖር፣ ማን ምን ሊገዛ እንደሆነ ማወቁ ለእንጀራዬ ይጠቅመኛል። የኮምፒውተር ግዢ ደግሞ አሁን ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙውን አሮጌ ማሽን አይቀበልም።

ዝርዝሩን ሳነብ ግን እበሽቃለሁ። ፕሮሰሰሩ ተጽፏል፣ ራሙ ተጽፏል፣ የስክሪኑ ስፋት በኢንች፣ የዋስትናው ጊዜ፣ የጨረታ ማስከበሪያው። ኮምፒውተሩ የሚገዛበት ሥራ ግን የለም። «አሁን የምንሠራበት ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ተከፍቶ ይታይ» የሚል መስመር እስካሁን አላጋጠመኝም። ዕቃው ይመጣል፣ ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ካርቶኑ ይከፈታል። በማግስቱ ከሒሳብ ክፍል ስልክ ይደወላል፦ «ፒችትሪው እምቢ አለ!» አቅራቢው ክፍያውን ወስዶ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ደሴም ኮምቦልቻም ሒሳብ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አካውንቲንግ የተማረው ልጅ እጁን ያፍታታው በእሱ ነው። ሴጅ የተባለው ባለቤት ኩባንያ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እኛ ዘንድ ግን 2003ቱም፣ 2007ቱም፣ 2010ሩም ዛሬ ድረስ ደመወዝ ያሠራሉ፣ ግብር ያሰላሉ። ነውር የለውም። የሚሠራ ነገር የሚሠራ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ማሽን ሲቀየር ነው። ፒችትሪ ብቻውን አይደለም። ከጀርባው የፐርቬሲቭ ኩባንያ የዳታቤዝ ሞተር አለ፣ ዳታውን የሚያነበውና የሚጽፈው እሱ ነው። በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ደህና ተጭኖ ሞተሩ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ወይ የዊንዶውሱ የኔትወርክ ዘበኛ፣ ፋየርዎሉ፣ ይዘጋበታል። ወይም የድርጅቱ ዳታ የተቀመጠበት ፎልደር ላይ ተጠቃሚዋ መጻፍ አትችልም፣ ምክንያቱም ከቪስታ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለውን ፎልደር ይጠብቁታል። ስለዚህ በአስተዳዳሪ ፈቃድ መጫን፣ ዳታውን ከዚያ ፎልደር ውጪ ማስቀመጥ፣ የፐርቬሲቩ ሰርቪስ መነሳቱን ማየት፣ ፋየርዎሉ ላይ ማስፈቀድ ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ያልቃል። ግን ማን ታግሶ ይሞክራል? ሱቅ ለገቡት ሐጂ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ሐጂ፣ ይኼ አርጅቷል፣ አዲስ ይግዙ።» አለበለዚያ ደግሞ «ፎርማት ይደረግ»።

ሐቁን እናውራ ከተባለ፣ በየሱቁ ያለው ፒችትሪ ብዙውን ጊዜ በክራክ፣ ማለት ያለ ፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ፣ የተጫነ ነው። የአዲሱ ዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ ክራኩን እንዳየ ይውጠዋል። ያኔ ባለሙያ ነኝ ባዩ ጸረ ቫይረሱን ዘግቶ፣ ክራኩን መልሶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ነጋዴው የዓመት ሒሳቡን በር በሌለው ቤት አስቀምጦ ያድራል። ይህን አልሠራም። ደንበኛ እንደሚያሳጣኝ ግን አውቃለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ያለችን አንድ ዳታ ብቻ ከሆነች፣ በአዲስ ዕትም ለመክፈት አትሽቀዳደሙ። አዲሱ ዕትም የድሮውን ዳታ ወደ ራሱ መልክ ይቀይረዋል። ከተቀየረ በኋላ በድሮው ፒችትሪ መክፈት አይቻልም። መጀመሪያ ባክአፑን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ፍላሽ ከቢሮው ውጪ ይደር።

ከፒችትሪ የባሰው ዊንዶውስ ሳይለመድ በፊት፣ በዶስ ዘመን የተሠራው ነው። የደመወዝ ፕሮግራም፣ የመጋዘን ካርድ ፕሮግራም፣ አንድ ጎበዝ ልጅ በዚያን ጊዜ ጽፎት የሄደ። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 እና 10 የዶስን ፕሮግራም ሲያስኬዱ ኖረዋል። ዊንዶውስ 11 ግን ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራምን ጨርሶ አያስኬድም። እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ በድንገት የሚቆመው ለዚህ ነው። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን መነካካት ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይሆንም። መድኃኒቱ ዶስቦክስ ነው። ነፃ ነው፣ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር አስመስሎ ይሠራል። ሲፈጠር ለጨዋታ ስለሆነ ማተም ላይ ይለግማል። ቪዶስ የሚባለው ግን ለቢሮ ሥራ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ማተሙንም ይችልበታል። ባለ ረጅም ወረቀቱን የኤፕሰን ማተሚያ ለሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሌላው ጣጣ ከራሳችን ፊደል ይመጣል። ፍርድ ቤት አካባቢ ክስና ይግባኝ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የቆየ ፋይል በአዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይመጣል። «ተበላሽቷል» ብለው የሚያጠፉት አሉ። አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲኑ መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ያውም እያንዳንዱ በራሱ አቀማመጥ። እኛ ደግሞ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ለብዙ ዓመት በነሱ መጻፋችንን አልተውንም። ስለዚህ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። አሮጌው ኮምፒውተር ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፎንትስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ፍላሽ ላይ መገልበጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። በስልክ ለማንበብ፣ በቴሌግራም ለመላክ፣ ቃል ለመፈለግ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል፤ መቀየሪያውም ለዚያው ፎንት የተሠራ መሆን አለበት።

ስለ 2014ቱ ጦርነት ሳላነሳ ባልፍ ደሴ የኖርኩ አልመስልም። ያኔ ከደሴም ከኮምቦልቻም ቢሮዎች ብዙ ኮምፒውተር ጠፍቷል። አንዳንዱ ዕድለኛ ነበር፤ ዳታውን በፍላሽ ይዞ ወጥቷል። ሲመለስ ግን ዳታውን የሚከፍተው ፕሮግራም የለም። የመጫኛው ሲዲ ከመሳቢያው ጋር ሄዷል። ሲሪያል ቁጥሩ የተጻፈው በሲዲው ሽፋን ላይ ነበር። ሰው ባክአፕ ሲባል ዳታውን ብቻ ነው የሚያስበው። መጫኛውን፣ ቁጥሩን፣ ፎንቱን፣ የማተሚያውን ድራይቨር ማን ያስባል? እነዚህ ሁሉ ተደምረው አንድ ፍላሽ አይሞሉም።

አስተማማኙ መንገድ አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳለ ማዳን ነው። ዲስክቱቪኤችዲ የሚባል የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ አለ። ሙሉውን ሃርድ ዲስክ፣ ከነዊንዶውሱ ከነፕሮግራሙ፣ አንድ ትልቅ ፋይል ያደርገዋል። ያ ፋይል በቨርቹዋልቦክስ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስነሳ ፕሮግራም፣ ይከፈታል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አንድ መስኮት ውስጥ የድሮው ዊንዶውስ ከነግድግዳ ሥዕሉ ይነሳል። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ አይነሳም፣ መታገል አለ። ዊንዶውሱ ማሽን ቀይረሃል ብሎ ዳግም ማስመዝገብም ሊጠይቅ ይችላል። ራሙም 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ይንፏቀቃል፤ 8 ቢሆን ጥሩ ነው። እንግዲህ ራም በጨረታው ላይ ሲጻፍ ለዚህም ታስቦ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«የድሮ ዊንዶውስ አደገኛ ነው» የሚሉኝ ወጣት የአይቲ ባለሙያዎች አሉ። ልክ ናቸው። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ ያበቃው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት ላይ አይለቀቅም። በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ሲሆን ግን ኔትወርኩን መቁረጥ አንድ ምልክት ማንሳት ብቻ ነው። «አዲስ ሶፍትዌር ይገዛ» ለሚሉትም እቃወማለሁ አላልኩም፣ ይገዛ። ኦዲተር ሲመጣ ግን የሚጠይቀው ያለፉትን ዓመታት ነው። እነሱ ያሉት በድሮው ውስጥ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ምክሬ ይለያል፤ የፋብሪካ ከተማ ናትና። የጥልፍ ማሽን፣ የከባድ መኪና ሚዛን፣ የጋራዥ መመርመሪያ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት ብዙ ጊዜ በድሮው ሲሪያል ፖርት ነው። አዲስ ላፕቶፕ ያ ቀዳዳ የለውም። የዩኤስቢ መቀየሪያ ይሸጣል፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም። የባለ 32 ቢቱም ድራይቨር በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይጫንም። እዚህ ቦታ አሮጌውን ኮምፒውተር አትንኩት። ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ ዩፒኤስ ስጡት፣ ክሎንዚላ በሚባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ሃርድ ዲስኩን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና መሳቢያ ውስጥ ቆልፉ። የመጀመሪያው ሲሞት ሁለተኛው ይገባል። አዲስ ኮምፒውተር ለቢሮው ይገዛ፣ ለማሽኑ አይገዛለት።

የጥገና ሱቅ ስላለኝ ለገበያዬ የምሟገት የሚመስለው ይኖራል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ሥራ የሚበዛልኝ ርክክቡ በዘፈቀደ ሲሆን ነው።

የምለምነው የግዢ ክፍሎችን ነው። በዝርዝሩ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ቃሉን እኔ ልስጣችሁ፦ «ርክክብ የሚፈጸመው መሥሪያ ቤቱ የዘረዘራቸው ነባር ፕሮግራሞች በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው፣ የቆየ ፋይል ከፍተውና አትመው ከታዩ በኋላ ነው።» ዝርዝሩን ደግሞ የአይቲ ኃላፊው ቢሮው ቁጭ ብሎ አያዘጋጀው። ገንዘብ ያዧ፣ መዝገብ ቤቷ፣ ንብረት ክፍሉ በየቀኑ የሚከፍቱትን ይንገሩት። ከፕሮግራሞቹ ፈቃድ የሌለው ካለም ያኔ ይታወቃል፣ በጀት ይያዝለታል። አቅራቢው ለዚህ ሥራ ዋጋ ቢጨምር ይጨምር፤ በኋላ ለእኔ ከሚከፈለው ያንሳል።

አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮችም ባገለገሉ ዕቃዎች ሐራጅ ከመውጣታቸው በፊት ሰኔ 30 ይለፍ፣ ሒሳቡ ይዘጋ፣ ኦዲተሩ ይይ። ሃርድ ዲስኩም ሳይወልቅ አይሸጥ። የሠራተኛ ደመወዝና የሰው ፋይል የያዘ ሃርድ ዲስክ ለመለዋወጫ ተገዝቶ ሱቄ ሲመጣ አይቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ