የድንኳን መብራት ሥራ ከባትሪው ይጀመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጥር ሲቃረብ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቱሉ ዲምቱ የሠርግ ድንኳን ይተከላል። መብራት በመሃል ቢሄድ እንኳ ጭፈራው እንዳይቀዘቅዝ፣ ከሙዚቃው ጋር የሚብለጨለጭ ባለባትሪ የኤልኢዲ መቆጣጠሪያ ለመገጣጠም የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ፤ ሊበረታቱም ይገባል። ችግሩ ሥራውን ከኮዱና ከቀለሙ ጀምረው ባትሪውን መጨረሻ ላይ ማሰባቸው ነው።

ደብሊው ኤስ 2812 ቢ የተባለው፣ ትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች የተደረደሩበት ገመድ እያንዳንዱ አምፖሉ ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊ አምፒር ይስባል። 60 አምፖል ያለው 1 ሜትር እንግዲህ 3.6 አምፒር ሊጠይቅ ነው። ይህን በእጅ የሚያዝ ሳጥን ስለማይችለው ኮዱ ውስጥ የ2 አምፒር ጣሪያ ይበጅለት፤ በጨለማ ድንኳን ይበቃል። 2 አምፒር በ5 ቮልት 10 ዋት ነው። የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 5 የሚያነሳው ማሳደጊያ በሙቀት የሚያባክነው ሲታከል ከባትሪው ወደ 12 ዋት ይወጣል። ሲሞላ 4.2 ቮልት የነበረው ሊቲየም ባትሪ 3.4 ሲደርስ ይኸው 12 ዋት 3.5 አምፒር ይሆናል፤ ባትሪው በደከመ ቁጥር የሚጠየቀው ይጨምራል። ብዙዎቹ ርካሽ የቻርጅ ቦርዶች ግን መከላከያቸው 3 አምፒር ገደማ ላይ ይቆርጣል። ከበሮው በተመታ ቁጥር መብራቱ ድርግም የሚለው ለዚህ ሆኖ ሳለ ሰው ኮዱን ሲፈትሽ ያድራል። የተሻለ መከላከያና 5 አምፒር ፊውዝ ያስፈልጋል።

2500 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዙ ሁለት 18650 የተባሉ ድብልብል ሊቲየም ባትሪዎች ጎን ለጎን ሲያያዙ 18.5 ዋት ሰዓት ይሰጣሉ፤ መብራቱ በአማካይ 3 ዋት ከበላ 5 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ርካሽ ቢሆንም፣ ቮልቴጁ ከ2 በታች ወርዶ የቆየውን መጣል ነው። ሁለቱ ቮልቴጃቸው እኩል ሳይሆን ከተያያዙ ሙሉው ወደ ባዶው በኃይል ይፈስሳል። በካውያና በሊድ በቀጥታ መበየድም ውስጣቸውን ያቃጥላል፤ መያዣ ይገዛላቸው። ሸራና መጋረጃ ባለበት፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቦታ እሳት የሚነሳው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ጆሮው ነው። ማይክሮፎኑ ከመብራቱ ጋር አንድ መስመር ከተጋራ፣ ብልጭታው የሚፈጥረውን የቮልቴጅ መዋዠቅ ድምፅ ነው ብሎ ይሰማል፤ ሙዚቃው ቆሞም መብራቱ ራሱን እያስነሳ ይብለጨለጫል። መፍትሔው ለማይክሮፎኑ ለብቻው 3.3 ቮልት ማውጣትና የሁለቱን የምድር (ኔጌቲቭ) ሽቦ ከባትሪው አጠገብ ብቻ ማገናኘት ነው።

የከበሮውን ጉልበት ከ60 እስከ 250 ኸርዝ ባለው ወፍራም ድምፅ ውስጥ መፈለግ ያዋጣል። ከድምፁ በሰከንድ 22,050 ናሙና ተወስዶ 512 ናሙና በአንድ ላይ ሲሰላ፣ ድምፁ ከቀጭን እስከ ወፍራም ከሚከፋፈልባቸው ክፍሎች አንዱ 43 ኸርዝ ይሸፍናል፣ ውጤቱም በ23 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ለአራት ምት ዘፈን የተሰናዳ ኮድ ግን ለእኛ ችክችካ አይሆንም። ከአንድ ምት በኋላ 300 ሚሊ ሰከንድ ጆሮውን የሚዘጋ ከሆነ ተከትሎ የሚመጣውን አጭሩን ምት ይውጠዋል፤ 100 ይበቃል። ድምፅን በራሱ የሚያመጣጥን ማይክሮፎንም አንመክርም፤ እስክስታው ሲግልና ሲበርድ ያለውን ልዩነት ያጠፋዋል።

ኮዱ የሚሠራበት ኢኤስፒ 32 የተባለው የመቆጣጠሪያ ቺፕ የሚያወጣው ምልክት 3.3 ቮልት ሲሆን በ5 ቮልት የሚሠራው ገመድ ቢያንስ 3.5 ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ድንኳን ውስጥ ቀለሙ የሚዘበራረቀው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ መሃል ላይ ምልክቱን ወደ 5 ቮልት የሚያነሳ 74 ኤችሲቲ 125 የተባለ ቺፕ ይግባ። በምልክቱ መስመር 330 ኦም ሬዚስተር፣ በገመዱ መግቢያ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይጨመር። የገመዱ ጫፍ ነጩን ወደ ቀይ ካደላበት ቮልቴጁ ስለወረደ ነውና ከሁለቱም ጫፍ ኃይል ይሰጠው።

ከማስረከብ በፊት ባትሪውን ወደ ግማሽ አውርዶ 10 ደቂቃ ሙሉ ነጭ ማብራት ነው። ማሳደጊያው ጣት የማያስነካ ከሆነ ጣሪያው ከ2 ወደ 1.5 አምፒር ይውረድ።

የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎች
ከቱሉ ዲምቱ