የባለቤቴን አያት ኒሻኖች በሚመለከት የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋና የሰነድ ትርጉም አገልግሎት ድርጅታችሁ

ጉዳዩ፦ ስለተሳሳተ ሪፖርትና ስለተበላሸ ኒሻን

ጤና ይስጥልኝ።

ውላችን በአማርኛ ስለሆነ ቅሬታዬንም በአማርኛ ጽፌያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያስረከብኳችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ሦስት ኒሻኖች፣ ጀርመኖች ሚሊቴርፓስ የሚሉት የወታደር ደብተርና አንድ የምስክር ወረቀት። የባለቤቴ አያት የኑረንበርግ ሰው ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተዋል። እኛ ማወቅ የፈለግነው የት የት እንደተዋጉና ኒሻኖቹ ምን እንደሆኑ ነው። ክፍያውን አስቀድማችሁ ሙሉ በሙሉ ተቀበላችሁ። የላካችሁልኝን ሪፖርት ሳነበው ግን ዕቃዎቹን አገላብጦ ያየ ሰው እንደሌለ ገባኝ።

ሪፖርቱ ገና ሲጀምር «መዝገቡ ፖትስዳም ላይ ስለተቃጠለ ምንም ማግኘት አይቻልም» ይላል። ፖትስዳም የነበረው የጦር ቤተ መዛግብት ኤፕሪል 14 ቀን 1945 በአየር ድብደባ መውደሙ እውነት ነው። እዚያ የነደደው ግን ከጀርመን ግዛቶች ትልቋ የነበረችው የፕሩሲያ ጦር መዝገብ ነው። በዚያ ዘመን ኑረንበርግ ያለችበት ባቫሪያ የራሷ ጦርና የራሷ የጦር ሚኒስቴር ነበራት። ሳክሶኒና ቩርተምበርግም እንደዚሁ። የባቫሪያ ጦር መዝገብ አልተቃጠለም፤ ሙኒክ በሚገኘው የጦር ቤተ መዛግብት ዛሬም አለ። ክሪግስሽታምሮለ የሚባሉት የወታደር መዝገቦች እዚያው ናቸው። በእነሱ ላይ የወታደሩ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ወላጆች፣ የተካፈለባቸው ውጊያዎች፣ የቆሰለበት ሁኔታና ያገኛቸው ኒሻኖች በየዓምዱ ይጻፋሉ። እኛ የጠየቅናችሁ በሙሉ ማለት ነው!

ታዲያ ሰውየው በባቫሪያ ጦር ውስጥ እንደነበሩ በምን ይታወቃል ትሉኝ ይሆናል። ደብተሩ ላይ ተጽፏል። 14ኛው የባቫሪያ እግረኛ ሬጅመንት ይላል። ይህ ሬጅመንት ሰፈሩ ኑረንበርግ ነበር። የድሮው የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ እናንተ ጋ የመጣሁትም «የድሮ ጽሑፍ እናነባለን» ስላላችሁ ነው። ጽሑፉ ቢያስቸግር እንኳ ከኒሻኖቹ አንዱ ብቻውን በቂ ነበር። መሐሉ ላይ «ኤል» የሚል ፊደል አለው። ዙሪያውን «ሜሬንቲ» ይላል። ስትገለብጡት አንበሳና 1866 የሚል ዓመት ታያላችሁ። ይህ የባቫሪያ የወታደራዊ ውለታ መስቀል (ሚሊቴርፈርዲንስትክሮይትስ) ነው፤ ንጉሥ ሉድቪግ ዳግማዊ ያቆሙት። ሪፖርታችሁ ግን «ምንነቱ ያልታወቀ የማስታወሻ ዕቃ» ብሎ አልፎታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስከፋኝ ስለ ሦስተኛው ኒሻን የጻፋችሁት ነው። «ከናዚ ፓርቲ የተሰጠ ሽልማት» ብላችሁታል። ጀርመን አገር ተቀምጣችሁ ይህ ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። ኒሻኑ የዓለም ጦርነት የክብር መስቀል ይባላል። ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ በጁላይ 1934 ያወጁት ነው። ላይ የሚታየው 1914 እና 1918 እንጂ ስዋስቲካ አይደለም። ሰይፍ ያለበት ግንባር ለተዋጋ፣ ሰይፍ የሌለበት ከኋላ ላገለገለ፣ ጥቁር የተቀባው ደግሞ ለሟች ሚስቶችና ወላጆች ይሰጥ ነበር። ባለ ሰይፉን ብቻ የወሰደው ሰው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። አይሁዳውያን ዘማቾችም ወስደውታል። ማንም ዘማች አመልክቶ ይቀበለው የነበረ ነው። የምስክር ወረቀቱ «በፉህረሩና በራይኽ ቻንስለሩ ስም» ብሎ የሚጀምረው ሂንደንቡርግ በኦገስት 1934 ሞተው ሥልጣናቸውን ሂትለር በዚያ ማዕረግ ስለያዘው ነው። እናንተ ያችን አንድ መስመር አይታችሁ ፈረዳችሁ።

ሪፖርቱን በጀርመንኛም ስለላካችሁ አማቴ አነበቡት። ዕድሜያቸው ገፍቷል። «አባቴ የፓርቲ አባል ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን ልበላቸው? እውነቱ ያ ከሆነ ቤተሰቡ ማወቅ አለበት፤ እንዲሸፈን አንፈልግም። የፓርቲው የአባላት ካርዶች በርሊን በፌዴራል ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። እዚያ ተፈልጎ የመጣ መልስ ከሆነ መራራም ቢሆን እንቀበላለን። ከዚህ ኒሻን ግን እንዲህ ያለ ነገር ማወቅ አይቻልም። የአንድን ሰው አባት በግምት እንዲህ ማለት ነውር ነው።

ቀሪውን ኒሻን፣ የብረት መስቀሉንም፣ «ለልዩ ጀግና ብቻ የሚሰጥ» ብላችሁታል። በዚያ ጦርነት የተሰጠው ሁለተኛ ደረጃ የብረት መስቀል ወደ 5 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይገመታል። እኛ ሙገሳ አልጠየቅንም።

ደግሞ ማን ወልውሉት አላችሁ? የብረት መስቀል ሁለት ዓይነት ብረት አለው። መሐሉ ጥቁር የተቀባ ብረት፣ ጠርዙ ብር። እኔ ስሰጣችሁ ብሩ ጠቁሮ፣ ሪባኑ ደብዝዞ ነበር፤ ግን ሁሉም እንደነበረ ነበር። አሁን ጠርዙ እንደ አዲስ ሳህን ያብለጨልጫል። መሐሉ ላይ ያለው «ደብልዩ» ፊደልና ዘውዱ ግን ተፍቀው ነጩ ብረት ወጥቷል። በማንጠልጠያው ቀለበት ላይ የነበረው የአምራቹ ማኅተም በጭንቅ ነው የሚታየው። እሱ ደግሞ ኒሻኑ የት እንደተሠራ የሚናገረው ምልክት ነው። ሪባኑንም ቀይራችሁ አዲስ አድርጋችሁበታል። አሮጌውን ሪባን እኚያ ሰው ራሳቸው ያሰሩት ነበር። አማቴ ልጅ ሆነው አይተውታል። ውላችን ላይ ስለ ማጽዳት አንድ ቃል የለም። ኒሻን የሚያውቅ ሰው የቆየ ኒሻን አይወለውልም፤ የተፋቀ ቀለም አይመለስምና።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። አሮጌው ሪባን ካልተጣለ በአስቸኳይ ይላክልኝ። ከተጣለም በግልጽ ንገሩኝ። «የናዚ ፓርቲ ሽልማት» የሚለው ስህተት መሆኑን በሁለቱም ቋንቋ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ በአማቴ ስም ላኩ። ይቅርታውም ለእሳቸው ይሁን። ለፍለጋው የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኝ፤ ፍለጋ አልተደረገምና። ሙኒክ እኔው እጽፋለሁ፣ ለዚያ እናንተን አላስቸግርም። ለኒሻኑ ጉዳት ደግሞ ባለሙያ አይቶ በሚገምተው መጠን ካሳ እጠይቃለሁ።

የወታደር ደብተሩን ዋናውን እስካሁን አልመለሳችሁም፤ የደረሰኝ ቅጂው ብቻ ነው። ደብተሩ በአደራ ደብዳቤ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ጉዳዩን ወደ ሸማቾች ጥበቃ ማዕከል እወስዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ