«አዲስ ወባ» መሆኑን በምን አወቃችሁ?

ለተከበሩ የወባ ቁጥጥር ሥራ ኃላፊ፤

በዚህ ዓመት ሦስት ማመልከቻዎችን በእጄ አቅርቤልዎታለሁ። ሁለቱ መልስ አላገኙም፤ ሦስተኛው «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ተብሎ እንደተመራበት ስለሰማሁ፣ ፋይል ውስጥ ከሚያረጅ አደባባይ ላይ ቢነበብ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

እዚህ አዳማ አብራኝ የምትኖረው የ9 ዓመት የልጅ ልጄ ጥቅምት ውስጥ ተመርምራ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ተገኘባት። ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት በሦስት ቀን ውስጥ ስድስቱንም ጊዜ ከወተት ጋር የሰጠኋት እኔው ነኝ፤ አንዴም አላስመለሳትም። በ21ኛው ቀን ትኩሳቷ ሲያገረሽ ያው ፋልሲፓረም ታየ፤ ባለሙያው ግን ካርዷ ላይ «አዲስ ወባ» ብሎ ጻፈ። በምን አወቅህ ብዬ ብጠይቀው «ትንኝ ነክሷት ይሆናል» አለኝ። ይሆናል። ነገር ግን እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ጥገኛው ከመድኃኒቱ ተርፎ ያገረሸ ይሁን ወይም ሌላ የገባ፣ የመጀመሪያውንና የ21ኛውን ቀን ደም ፒሲአር በተባለው የዘረመል ምርመራ ሳያነጻጽሩ መለየት አይቻልም። በማጣሪያ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ ደም ያስቀረ የለም፤ የጥገኛው ዘረመል ሊወጣበት ይችል የነበረው የመጀመሪያው ስላይድም (ደሟ የተቀባበት ብርጭቆ) ታጥቦ ለሌላ በሽተኛ ውሏል። እንግዲህ «አዲስ» የሚለው ቃል የምርመራ ውጤት ሳይሆን ጥያቄ እንዳይነሳ የተመረጠ ቃል ነው።

በቃል የተሰጠኝ መልስ የመድኃኒቱ ፈዋሽነት ክትትል የሚካሄደው በተመረጡ ጣቢያዎች ብቻ ነው የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ በእነዚያ ጣቢያዎች ቢያንስ በየ24 ወሩ እንዲፈተሽ፣ ያልፈወሳቸው ሕሙማን ከ10 በመቶ ሲበልጡም እንዲቀየር እንደሚመክር አልዘነጋሁም። ጥገኛው ግን የጣቢያዎቹ ዝርዝር የደረሰው አይመስለኝም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በላቦራቶሪ የሠራሁ ሰው ነኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም በፋንሲዳር ሲተካ፣ ፋንሲዳርም በ2004 ለኮአርተም ቦታውን ሲለቅ፣ መድኃኒቱን ጨርሰው የሚመለሱትን ሕሙማን መድኃኒት የሚቀይረው ሰርኩላር ከመድረሱ በፊት በማይክሮስኮፕ አይቻቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ኮአርተምም ላለበት የአርተሚሲኒን መድኃኒት ቤተሰብ በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘው፣ ኬ13 በተባለው የጥገኛው ዘረመል ላይ የሚታየው አር622አይ የተሰኘ ለውጥ በኤርትራም በሀገራችንም ተገኝቷል። ይህን እያወቁ የመጀመሪያውን ስላይድ ለ28 ቀን መደርደሪያ ላይ ማቆየት ከብዷችሁ ከሆነ፣ የጎደለው በጀት አይደለም።

የልጅቷ ካርድ እጄ ላይ ነው። «አዲስ» የሚለውን ቃል በማስረጃ ያጽኑልኝ፤ ካልተቻለ በፊርማዎ ይሰርዙልኝ።

ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አዳማ