በድረ ገጻችሁ ላይ ያለው ካርታ ለምን ጠቆረ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

«አድራሻችን» የሚለውን ገጽ ስትከፍቱ ካርታው ጥላ እንዳጠላበት ጠቁሮ፣ ላዩ ላይ «ፎር ዴቨሎፕመንት ፐርፐዝስ ኦንሊ» (ለግንባታ ሥራ ብቻ) የሚል ጽሑፍ ተደጋግሞ ካያችሁ አትደንግጡ። ድረ ገጹን ማንም አልሰበረውም። የጉግል ካርታ የሚከፈተው በቁልፍ፣ ማለትም ጉግል በሚሰጠው የፊደልና የቁጥር ኮድ ነው፤ ቁልፉም የሚሠራ የዶላር ካርድ ከተመዘገበበት አካውንት ጋር መያያዝ አለበት። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍበት ወይም ከመጀመሪያውም ሳይመዘገብ ሲቀር ካርታው እንዲህ ይጠቁራል።

«ነፃ አልነበረም ወይ?» ለምትሉን፦ ነበር። ጉግል ካርታውን እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ አወጣ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ ማንም በራሱ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ እንዲያስቀምጠው ፈቀደ። በ2011 ካርታው በነፃ የሚከፈተው በቀን 25,000 ጊዜ ነው የሚል ገደብ መጣ፤ ከዚያ ላለፈው ለ1,000 ጊዜ 4 ዶላር። ፎርስኩዌርን (የቦታ መጠቆሚያ መተግበሪያ) የመሰሉ ትልልቅ ተጠቃሚዎች በጎ ፈቃደኞች ወደሚሠሩት ነፃ ካርታ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ ሲሄዱ በ2012 ዋጋው ወደ ግማሽ ዶላር ወረደ። በ2018 ካርድ ማስመዝገብ ግዴታ ሆነ፤ ለ1,000 ጊዜ 7 ዶላር ተተመነ፤ በወር የሚሰጠው የ200 ዶላር ድጎማ 28,000 ጊዜ ያህል ብቻ ይሸፍን ነበር። ከማርች 2025 ጀምሮ ድጎማው ቀርቶ ለተራው ካርታ በወር 10,000 ጊዜ በነፃ ሆነ። በቀን 25,000 የነበረው በወር 10,000 ማለት ነው። ካርታው ራሱ እየተሻሻለ ነው የሄደው፤ ያነሰው በነፃ የሚሰጠው ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ትንሽ የዶላር ሂሳብም ከባድ ሆኗል።

ለአንድ ሱቅ 10,000 ይበቃል። ጉዳት የሚያመጣው አቆጣጠሩ ነው። ካርታው በተከፈተ ቁጥር አንድ ይቆጠራል፤ ማጉላትና ማንቀሳቀስ አይቆጠርም። ካርታው በገጾቹ ሁሉ ግርጌ ከተቀመጠ ስድስት ገጽ ያየ አንድ ጎብኚ ስድስት ጊዜ ያስቆጥራል። ስለዚህ ከግርጌ እናነሳዋለን። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ላላችሁ በኢምቤድ መልክ፣ ማለትም ጉግል ያዘጋጀውን ካርታ እንዳለ ገጹ ውስጥ በመክተት እናስገባዋለን፤ ይህኛው እስካሁን ያለ ገደብ ነፃ ነው።

የዕቃ ማድረስ ሥራ ያላችሁ ግን የአድራሻ መፈለጊያ ሳጥኑን ልብ በሉት። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ በሚጽፍ ኪቦርድ «ካዛንቺስ» ለማለት ክ፣ ካ፣ ካዝ፣ ካዛ እያለ ስምንት ጊዜ ያህል ይነካል፤ በአግባቡ ያልተሠራ ሳጥን በየንኪቱ አንድ ጥያቄ ወደ ጉግል ይልካል፤ እሱም ይቆጠራል። እኛ ሦስት ፊደል ሳይሞላና ጣት ለ400 ሚሊሰከንድ ሳያርፍ ምንም እንዳይልክ እናደርገዋለን።

ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ወይም የዕቃ ማድረስ ሥራ ላላችሁ ካርታውን በኦፕንስትሪትማፕ ዳታ ወደሚሠራ እናዛውረዋለን። ዳታው ነፃ ነው፤ የራሳቸው ሰርቨር ግን በመዋጮ የሚተዳደር ስለሆነ የንግድ ጫና አይሸከምም፣ ጫናው ሲበዛም ይዘጋባችኋል። ስለዚህ የዓለሙን ካርታ ሳይሆን የአዲስ አበባን ብቻ ቆርጠን በአንድ ፋይል በሰርቨራችን እናስቀምጣለን። ሰርቨሩ ፋይሉን ቁራጭ ቁራጭ አድርጎ መስጠት ካልቻለ ካርታው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ቀድመን እንሞክረዋለን። ሌላው የተለመደ ችግር የፊደል ነው። የአማርኛ ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ ያላቸው መለያ ቁጥር ከ4608 እስከ 4991 ነው፤ የፎንቱ (የፊደሉ ቅርጽ) 4608–4863 እና 4864–5119 የሚባሉት ፋይሎች ካልተጫኑ የእንግሊዝኛው ስም እየታየ የአማርኛው ይጠፋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት እንጭናለን። በካርታው ጥግ ያለውን «ኦፕንስትሪትማፕ» የሚል ምስጋና እንዲጠፋ አትጠይቁን፤ የፈቃዱ ግዴታ ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው የቅርንጫፎቻችሁን ትክክለኛ ነጥብ (በካርታ ላይ ያለ ቦታ) ነው። ጉግል አድራሻን ወደ ነጥብ ቀይሮ የሚሰጠውን ቁጥር ከ30 ቀን በላይ ማስቀመጥ ውሉ አይፈቅድም፤ ራሳችሁ የለካችሁት ግን የራሳችሁ ነው፤ ነገ ወደየትኛውም ካርታ ብንሄድ አብሯችሁ ይሄዳል። በር ላይ ቆማችሁ፣ ከጣሪያ ሥር ወጥታችሁ፣ በቴሌግራም ሎኬሽን ላኩልን። ከመላካችሁ በፊት ከሥሩ የሚታየው የሜትር ቁጥር ከ10 በታች እስኪወርድ ጠብቁ። የመስታወት ፎቆች ሲግናሉን ስለሚያነጥሩት ረጃጅም ሕንፃ መካከል ያላችሁ ሦስት ጊዜ ለኩ።

ቁጥሩን በጽሑፍ የምትልኩ ከሆነ በ9 የሚጀምረው ይቅደም፤ ለምሳሌ የመስቀል አደባባይ አካባቢ 9.010፣ 38.761 ነው። ከተገለበጠ ሱቃችሁ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ላይ ይወድቃል። ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ ስጡን፤ ይህ እስከ አንድ ሜትር ያህል ያደርሳል፤ በሦስት አሃዝ ግን ነጥቡ በአሥሮች ሜትር ሊርቅ ይችላል። በፒያሳና በካዛንቺስ የኮሪደር ልማት ምክንያት የተነሳችሁ የድሮውን ነጥብ አትላኩ፤ አዲሱ በር ድረስ ሄዳችሁ ለኩ።

የጉግል ቁልፋችሁን ይዛችሁ ለመቀጠል የምትፈልጉ ቁልፉ ከራሳችሁ ዶሜን (የድረ ገጽ አድራሻ) ውጭ እንዳይሠራ አስገድቡት፤ በገጹ ኮድ ውስጥ ማንም ያየዋል። የበጀት ማስጠንቀቂያ ኢሜይል ይልካል እንጂ ወጪውን አያቆምም፤ የሚያቆመው የዕለት ኮታ ነው። ሁለቱንም ከፈቀዳችሁልን እኛ እናስተካክላለን።

ሎኬሽኖቹ በደረሱን ቅደም ተከተል ሥራውን እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ ገጽ ጥገና ክፍል
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ