ጠረጴዛዬ ላይ ስላየሻቸው ሦስት ዕቃዎች

ለውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጃችን ደህና ነው? እናቴስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የእሑዱ ወሬያችን ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ። ስልኩን ሳስቀምጠው ጠረጴዛው ታየሽ። «ይሄ ሁሉ ቬፕ ነው?» አልሽኝ፣ ያው በባትሪ ፈሳሽ እያሞቀ እንፋሎቱ የሚሳበውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ማለትሽ ነው። ቀጥለሽ «እኔ እዚህ ሳንቲም ቆጥሬ አድራለሁ፣ አንተ መጫወቻ ትሰበስባለህ» አልሽና ዝም አልሽ። ከንግግርሽ ይልቅ ዝምታሽ ከበደኝ። ልመልስልሽ ስሞክር ደግሞ ነገሩ ተምታታብኝ። አሁን ተረጋግቼ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የምደብቅሽ ነገር የለም።

ሲጋራ ከተውኩ 7 ወር ሆነኝ። ለ17 ዓመት ያጨስኩ ሰው ነኝ፣ አንቺው ታውቂያለሽ። ለማቆም ስንት ጊዜ እንደሞከርኩም ታውቂያለሽ። ሁለት ጊዜ እንዲሁ በባዶ እጄ፣ አንድ ጊዜ በኒኮቲን ማስቲካ። ከሁሉም የቆየው 19 ቀን ነው። ሰውን የሚይዘው ኒኮቲኑ ብቻ አይደለም። እጅ የለመደው አለ፣ አፍ የለመደው አለ፣ ከሥራ ወጥቶ በር ላይ ቆሞ የሚሳብ የመጀመሪያው ትንፋሽ አለ። ማስቲካ ይህን አይሰጥም። ቬፕ ይሰጣል። እኔን ከሲጋራ ያላቀቀኝ ይኼ ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በ2019 በፈረንጆቹ በወጣ አንድ ጥናት፣ እንግሊዝ ውስጥ ማቆም የሚፈልጉ 886 አጫሾችን ለሁለት ከፍለው ሞክረው ነበር። ለግማሾቹ ቬፕ፣ ለግማሾቹ ማስቲካውንና ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ፕላስተር የመሰለ የኒኮቲን ምትክ ሰጧቸው። ከዓመት በኋላ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ ከሌሎቹ 9.9 በመቶው ሲጋራ አቁመው ተገኙ። ያው አብዛኛው ሰው በሁለቱም አላቆመም ማለት ነው፣ ግን ዕድሉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የማይጥምሽን ክፍልም ልንገርሽ። በቬፕ ካቆሙት ውስጥ ከዓመት በኋላም 80 በመቶው ቬፑን አልተዉም ነበር። ስለዚህ «ሌላ ሱስ ገዛህ» ስትዪኝ ተሳስተሻል አልልሽም። ኒኮቲኑ አሁንም አለ። የጠፋው ቃጠሎው ነው። ሲጋራ ሰውን የሚጨርሰው ትንባሆው ሲነድ በሚወጣው ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቬፕ ውስጥ ፈሳሽ ይሞቃል፣ ይተናል፣ የሚነድ ነገር የለም። ያም ሆኖ ንጹህ አየር አይደለም፣ እንደዚያ ብዬ አልዋሽሽም። ወንድምሽ አንድ ላክልኝ ብሎኝ ነበር። እሱ አጭሶ አያውቅም። አልልክለትም፣ ቢቆጣም ይቆጣ።

ቬፕ ሳንባ ያበላሻል የሚለውን የድምፅ መልእክትሽንም ሰምቻለሁ። የተባለው ነገር እውነት ተፈጥሯል። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት የካቲት ድረስ ከ2,800 በላይ ሰው ሆስፒታል ገባ፣ 68 ሰው ሞተ። ሲመረመር ግን አብዛኛው ከየመንደሩና ከጓደኛ የተገዛ፣ የካናቢስ ዘይት ያለበት ነው። ዘይቱን ለማወፈር ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ነገር ይጨምሩበት ነበር፣ ዋናው ጥፋተኛም እሱ ነው የተባለው። ስለዚህ እኔ ፈሳሽ የምገዛው ታሽጎ፣ መጠኑ ተጽፎበት፣ በሕጋዊ መንገድ ከሚሸጥበት ብቻ ነው። ዋጋው ረከሰ ብዬ ከሰው እጅ አልቀበልም። እዚህ ላይ ሳንቲም አልቆጥብም፣ አንቺም እንድቆጥብ አትፈልጊም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ።

የመጀመሪያውን ወር የተጠቀምኩት አንዴ ተጨርሶ የሚጣለውን ነው። ምንም ማወቅ አይጠይቅም፣ ትስቢዋለሽ፣ ሲያልቅ ትጥይዋለሽ። አንድ በአንድ ሲገዛ ርካሽ ይመስላል። በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብዬ ስደምረው ግን የ19 ፓኬት ሲጋራ ዋጋ ወጥቶበታል። ደግሞ እያንዳንዱ ውስጥ ገና የሚሠራ የሊቲየም ባትሪ አለ፣ እሱን ቆሻሻ ውስጥ መጣሉ ራሱ አስጠላኝ።

ከዚያ ትልቁን ገዛሁ። ጠረጴዛው ላይ ካየሻቸው የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ያ ጥቁሩ፣ ስክሪን ያለው። ሲያዩት ያምራል፣ እንፋሎቱም ደመና ነው። የሚሞላ ስለሆነ ይረክሳል ብዬ አሰብኩ፣ ግን ስለ አሠራሩ የማውቀው ነገር አልነበረም። ለትንሽ መሣሪያ የሚሆነውን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ሞልቼ በ60 ዋት ሳብኩት። አራተኛው ላይ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴ ተገለባበጠ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው መማር እንዳለብኝ የገባኝ።

የተማርኩት ይህን ነው። መሣሪያ የሚመረጠው በአሳሳብሽ ነው። ሲጋራ አጫሽ ጭሱን መጀመሪያ አፉ ውስጥ ይይዛል፣ ቀጥሎ ነው ወደ ሳንባ የሚያወርደው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የሚሆነው የአየር ማስገቢያው ጠበብ ያለ፣ ኮይሉ፣ ማለትም በመሃሉ ባለው ጥጥ የሚመጠውን ፈሳሽ የሚያሞቀው የሽቦ ጥቅል፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 1 ኦም አካባቢ የሆነ፣ ከ10 እስከ 15 ዋት የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ትልቁ በቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚስቡ ሰዎች ነው የተሠራው፣ ኒኮቲኑም 3 ሚሊግራም አካባቢ መሆን ነበረበት። ዋናው የገንዘብ ምስጢርም እዚሁ ጋ ነው። ወጪው መሣሪያው ላይ ያለ ይመስለናል። አይደለም። ፈሳሹና ኮይሉ ላይ ነው። ትልቁ በቀን ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይጠጣል፣ ትንሹ 2 ብቻ። ልዩነቱን በወር አስቢው።

ሁለተኛው ያየሽው ትንሹ፣ አመዳማው ነው። ፖድ ይሉታል። ፈሳሹን ራሴ እሞላዋለሁ፣ ኮይሉ ለብቻው ወልቆ ይቀየራል፣ የአየር ማስገቢያውን በጣት እያንሸራተትኩ አጠበዋለሁ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል። በዚህ ነው ሲጋራን የተውኩት። መጀመሪያ ላይ ኮይሉ በ5 ቀን ይቃጠልብኝ ነበር። አንዱን አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳየው ጥጡ ጥቁር ሆኖ ሽቦው ላይ ካራሜል የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ለካ ጥፋቱ የጣፋጩ ፈሳሽ ነው፣ ማጣፈጫው ሽቦው ላይ ያርራል። ወደማይጣፍጠው፣ ወደ ናናው ስዞር ያው ኮይል 2 ሳምንት ሠራ። አዲስ ኮይል ሲገባም ፈሳሹ ጥጡን እስኪያርሰው 10 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የቸኮለ ሰው ደረቅ ጥጥ ነው የሚስበው፣ ጉሮሮ ይልጣል።

ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው። «አንድ ዓይነት ሁለት ለምን?» ያልሽው እሱን ነው። እሑድ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በሦስተኛው ወር አንድ ማታ ፖዱ አልነሳ አለ። ቻርጀር ሰካሁ፣ አይበራም። የቬፑ ሱቅ ተዘግቷል። በማግስቱ ሌሊት ገቢ ነበርኩ፣ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ወጥቼ ሲጋራ ገዛሁ። ሦስት አጨስኩ። ሦስተኛውን ስጨርስ እጄን አሸተትኩትና አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። ልጃችን «አባዬ አሁን አትስልም አይደል?» ያለኝ በዚያው ሳምንት ነበር። የቀረውን ፓኬት ውኃ ውስጥ ነከርኩት። በነጋታው የተበላሸውን አስቀየርኩ፣ ሁለተኛም ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ኪሴ ውስጥ፣ አንዱ ቤት ተሞልቶ ይቀመጣል። ያ ማታ አልተመለሰም። ይህኛው መጫወቻ አይደለም።

ትልቁ ላይ ግን እውነትሽን ነው። እሱ አሁን የትርፍ ጊዜ ደስታዬ ነው። እንዳልጥለው ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ስለዚህ ኮይሉን ራስሽ የምትሠሪበት ትንሽ ታንክ፣ ማለትም ፈሳሹና ኮይሉ የሚቀመጡበትን ክፍል፣ ገዝቼ ጫንኩበትና በ13 ዋት እጠቀምበታለሁ። ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጥፋለሁ። ከጥቅሉ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ እቆርጣለሁ፣ ከፀጉር ወፈር ይላል። በቀጭን ካቻቢቴ ዘንግ ላይ 6 ጊዜ እጠመጥመዋለሁ፣ ሁለቱን እግሮች በትንንሽ ብሎን አስራቸዋለሁ። ስክሪኑ 1.0 ኦም ካለ ልክ ነው፣ እያወዛወዘ ካሳየ የሆነ ቦታ ላልቷል ወይም ሾርት አድርጓል ማለት ነው። ቀስ ብዬ አግላለሁ። ፍም የሚሆነው ከመሃሉ ጀምሮ ወደ ዳር መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ብቻ ቀድሞ ከቀላ በወረንጦ ነካ ነካ አደርገዋለሁ። ሲበርድ ጥጡን በመሃሉ አሳልፋለሁ፣ ሲጎተት ያዝ የሚያደርግ፣ ግን ሽቦውን የማያንቀሳቅስ መሆን አለበት። ጫፉን በመቀስ እከረክማለሁ። ያን አንድ ሰዓት እጄ ሥራ ያገኛል፣ ጭንቅላቴ ያርፋል። ሰው አገር ቅዳሜ ማታ ምን እንደሚመስል ላንቺ መንገር አልፈልግም ነበር፣ ግን እሱ ሰዓት ነው ድሮ ግማሽ ፓኬት የሚያልቅብኝ። የ10 ሜትር ሽቦ 100 ኮይል ይወጣዋል፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ያስኬደኛል።

አደጋውንም አስቤበታለሁ። የትልቁ ባትሪ ለብቻው የሚወጣ ነው፣ በፕላስቲክ መያዣው እንጂ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪሴ ውስጥ አልከተውም፣ ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘው እሳት ይነሳል። ፈሳሹን ልጅ ቢጠጣው መርዝ ነው፣ ስለዚህ ወደ ቤቴ ስመለስ አንድም ጠርሙስ ይዤ አልመጣም።

አሁን ሂሳቡ። ሲጋራ እያለሁ በወር 26 ፓኬት ነበር፣ በ7 ወር 182። ቬፑን በፓኬት ዋጋ ስተምነው፣ የመጀመሪያው ወር 19፣ የቀጣዮቹ 6 ወራት ፈሳሽና ኮይል 54፣ ሦስቱ ዕቃዎችና ታንኩ 38። ድምሩ 111። የ71 ፓኬት ልዩነት አለ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ያን ልዩነት ለብቻ አላስቀመጥኩትም፣ ገሚሱ ላንቺ ከላክሁት ጋር መጣ፣ ገሚሱ በየት እንደወጣ አላውቅም። ሳትነግረኝ ዕቃ ገዛህ ብለሽ ብታዝኚ አይፈረድብሽም። ቀድሜ መንገር ነበረብኝ።

ከዚህ ወር ጀምሮ ወጪዬ በወር የ7 ፓኬት ዋጋ ነው፣ ጣፋጩን ትቼ ሽቦና ጥጥ መጠቀም ስለጀመርኩ። የቀረው የ19 ፓኬት ዋጋ ከምልከው ላይ ተጨምሮ ይደርስሻል፣ ለብቻው ቁጥሩን እጽፍልሻለሁ። አራተኛ ዕቃ አልገዛም፣ አንዱ ካልሞተ በቀር፣ ያኔም ቀድሜ እነግርሻለሁ። ኒኮቲኑን ከ20 ወደ 12 አውርጃለሁ፣ እንዳልቸኩል እየተጠነቀቅሁ ወደ 6 እወርዳለሁ። ቸኩሎ አውርዶ ወደ ሲጋራ የተመለሰ ሰው አጠገቤ አለ፣ እሱን አይቻለሁ።

ሁለቱን ትንንሾች እንድተው አትጠይቂኝ፣ ገና አልደረስኩም። ትልቁን ግን ሽጠው ካልሽኝ እሸጠዋለሁ፣ ገንዘቡንም እልክልሻለሁ። እንዲቀርልኝ እንደምፈልግ ግን እወቂልኝ።

እሑድ ስደውል መልስሽን ንገሪኝ። ልጁን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ ባለቤትሽ